ቀንድ የገጠሙላት አጋዘን

ጌታው አጋዘኗን ሳታትና የገለባን አባት መታ። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው ሁሉ በኋላ ተቆርጦ የተሰፋ ነው።

የተሰፋው እንዲህ ይላል። የነጂዎቹ አለቃ፣ አውሬውን ከጫካ እያስደነበሩ ወደ ተኳሾቹ የሚያባርሩት ሰዎች አለቃ ማለት ነው፣ የወቅቱ መዝጊያ በሆነው አደን ላይ ሰክሮ ከመስመሩ ወጣ። አንድ አውራ አጋዘንም በቀንዱ ደረቱን ወጋው። ጌታው ደርሰው አውሬውን በአንድ ጥይት ጣሉት፤ የሌሎቹንም ነጂዎች ነፍስ አተረፉ። ይህ በአደን መዝገቡ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። የአውሬውም ራስ ከነቀንዱ በአደን ቤቱ አዳራሽ፣ ከንጉሡ ወንበር ትይዩ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተሰቅሎ ኖሯል።

ገለባ ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ሣጥኑ ተቸንክሮ መጣ። እናቷ "ልየው" ስትል የአደን ቤቱ አዛዥ "አይታይም እህቴ፤ ቀንድ ክፉ ነው" አላት። እናትየው ሞቱን እያደር ተቀበለችው። ያልተቀበለችው አንዲት ቃል ነበረች፤ "ሰክሮ" የምትለዋን። ባሏ ጨጓራው ስለማይችልለት በሠርጉ ቀን እንኳ ያነሳውን ብርጭቆ ለሚዜው አሳልፎ የሰጠ ሰው ነው። ሦስት ጊዜ አቤቱታ ጻፈች። ሦስት ጊዜም "የተጻፈ መዝገብ አይፋቅም" የሚል የአንድ መስመር መልስ መጣላት።

በዚያ አገር ፓርላማ የሚባል ሕንፃ አለ። ሕንፃው ቆንጆ ነው፤ መስኮቶቹ በየሳምንቱ ይወለወላሉ። ሹመት የሚሰጠው፣ ሕግ የሚወጣውና ሰው የሚታሰረው ግን በአደን ሜዳ ነው፤ በአንዱ ዙርና በሚቀጥለው ዙር መካከል፣ መሳፍንቱ እግራቸውን ዘርግተው ትኩስ ነገር ሲጠጡ። በተኩስ መስመሩ ላይ ለንጉሡ የቀረበ ለሥልጣን ቀርቧል፤ ወደ ዳር የተገፋ ደግሞ ቢሮውን ባዶ ማድረግ ቢጀምር ይሻለዋል። ዋናው ዳኛ በመስመሩ ላይ አራተኛ ናቸው። የትልቁ ጋዜጣ ባለቤት ሰባተኛ።

እነዚህ ሰዎች እርስ በርስ ይቅር የማይባባሉት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ነጂ መግደል "ክፉ አጋጣሚ" ይባላል፤ በየሦስት በየአራት ዓመቱ ያጋጥማል። በቅርብ ርቀት ቆሞ የሚያይ አውሬ መሳት ግን ነውር ነው። አንድ የገንዘብ ሚኒስትር የተኛች ጥንቸል ስቶ በሳምንቱ ሥራውን ለቅቋል። እስከ ዛሬም "ጥንቸል አሳዳጊው" ነው የሚባለው።

ጌታው ግን በዚያ ራስ ተነሳ። የመዝጊያው አደን የሚደረገው በብርዱ ማብቂያ ነው። ያን ጊዜ ወንዶቹ አጋዘኖች የዓመቱን ቀንዳቸውን አራግፈው ጨርሰዋል፤ ሴቶቹ ድሮም ቀንድ የላቸውም። እስከዚያ ቀን ቀንዱን ይዞ የቆየ አውራ መግደል በአንድ ሰው ዕድሜ አንዴ ቢገኝ ነው፤ ሰው የገደለ አውራ ሲሆንማ ምኑ ይወራል። ጌታው "ነጂ አዳኙ" ተባለ። በዓመቱ አውራጃ ተሰጠው፣ በአምስተኛው ዓመት የአገር ውስጥ ሚኒስትር ሆነ። አሁን ደግሞ አሮጌው ጠቅላይ ሚኒስትር አርፈዋልና ወንበሩ የሱ ነው የሚለው ወሬ አገር አዳርሷል።

ሹመቱ የሚጸናው በምሳ ላይ ነው። ተሿሚው ከግድግዳው ላይ በጣም የሚኮራበትን ራስ በገዛ እጁ፣ በቀንዶቹ ይዞ ያወርዳል፤ ተሸክሞ ንጉሡ ፊት ያስቀምጠዋል፤ እንዴት እንደገደለው ይተርካል። ንጉሡ ራሱን በመዳፋቸው ነካ ካደረጉ አለቀ። ፓርላማው በሦስተኛው ቀን በሙሉ ድምፅ ያጸድቃል።

ለምሳው አምስት ቀን ሲቀረው ያንን ራስ ብል እንደበላው ታወቀና አዛዡ ገለባን አስጠራት።

ገለባ የአውሬ ቆዳ ሞልታ፣ ሰፍታ፣ የመስታወት ዓይን ገጥማ እንደ ሕያው የምታቆም ባለሙያ ናት። ቅጽል ስሟም ከምትሞላው ነገር የመጣ ነው። ሙያውን ያስተማራት የአደን ቤቱ አሮጌ ሰፊ ነበር። አባቷ በሞተ በሁለተኛው ዓመት እቤታቸው ድረስ መጥቶ "ልጅቷን ስጡኝ፤ እጅ አላት" ብሎ ወሰዳት። እጇን የት እንዳየው ማንም አልጠየቀውም። ቆዳ መግፈፍን፣ ጨው ማሸትን፣ ስፌት መደበቅን ስምንት ዓመት አስተማራት፤ ግን አንዲት ቀን እንኳ ያንን ራስ አላስነካትም። "እሱን ለኔ ተይው" ይላት ነበር። ባለፈው ዓመት ሞተ።

ሥራ ቤቱ ከአዳራሹ ኋላ ነው፤ ሁለት መስኮት፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ የሙጫና የጨው ሽታ። ገለባ ራሱን በጀርባው አጋድማ ጆሮዎቹን በብሩሽ አራገፈች። ብሉ ብዙም አልጎዳውም። ከሁለቱ ቀንዶች መካከል ያለው ስፌት ግን ላልቶ ነበርና ክሩን በቢላ ጫፍ በጥሳ ቆዳውን ገለጥ አደረገች።

የወንድ አጋዘን ቀንድ ከራስ ቅሉ በወጣ የአጥንት ጉቶ ላይ ነው የሚበቅለው። እዚህ ጉቶ የለም። የራስ ቅሉ እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው። በልሙጡ አጥንት ላይ ሁለት ቀዳዳ ተበስቷል፤ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ሁለት ቡሎኖች አልፈው ቀንዶቹን ከሥር ሰቅስቀው ይዘዋል። አንገቱን ዳሰሰችው። ቀጭን አንገት ነበር፤ ሽማግሌው በጭድ ላይ ጭድ ጨምሮ አወፍሮታል። ስፌቱ የሱ ነው፤ እንደሱ አድርጎ ክር የሚቋጥር ሌላ ሰው አልነበረም።

ሴት ናት። ቀንድ ኖሯት የማታውቅ ሴት አጋዘን።

ገለባ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ንዴቷ ለእንባ ቦታ አልተወላትም። ንጉሡ ያን ጊዜ "ሰው የገደለውን አውሬ ልየው" ሳይሉ አልቀሩም። የጌታው ሰዎች የዕለቱ ግዳይ ከተጫነበት ጋሪ ላይ የአንዷን አጋዘን ሬሳ አንስተው፣ ከመጋዘን አንድ ጥንድ አሮጌ ቀንድ ጨምረው ለሽማግሌው ሰጡት። ሽማግሌው ሰፋ። ከሰፋ በኋላ ሁለት ዓመት እንቅልፍ አጥቶ የሟቹን ልጅ አስተማረ። "እጅ አላት" አለ። በአንዲት የእውነት ቃል ፈንታ የስምንት ዓመት ትምህርት ከፈለ። እሱንም ቢሆን ይቅር አላለችውም።

አዛዡ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። "አንቺ ገለባ፣ አለቀ?"

ቆዳውን መልሳ ደፋች። "ትንሽ ይቀረዋል ጋሼ።"

"እንዳታስቀይሚኝ። ጌታው ዛሬ ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። ሚስታቸው ወልዳ እንኳ እንዲህ አልጠየቁም።"

"ያኔ ሹመት አልነበረበትማ።"

አዛዡ ሳቁን አፈነና ወደ በሩ ገልመጥ አለ። "ምላስሽን ስፊው። መርፌው እጅሽ ላይ ነው።"

እሱ ሲወጣ ሁለቱን ቡሎኖች ፈታች።

በማግሥቱ ቀትር ላይ፣ እናቷን በረንዳ ላይ ካልሲ ስትጥፍ አገኘቻት።

"እማዬ፣ አባዬን ቀንድ አልወጋውም።"

"አውቃለሁ" አለች እናቷ።

"ታውቂያለሽ?"

"ከነጂዎቹ አንዱ በሳምንቱ በጓሮ በኩል መጥቶ ነግሮኛል። ሠላሳ እርምጃ ላይ ነበረች አለኝ፤ ሴቷ አጋዘን። ቆማ ነበር። ጌታው ተኮሰ። እሷ ዞር ብላ አየችው፤ አባትሽ ወደቀ።"

"አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዝም አልሽኝ?"

"ምን ላድርግሽ ነበር? በአሥራ ሁለት ዓመትሽ ጠመንጃ ላስይዝሽ?" ክሯን በጥርሷ በጠሰችው። "ለኔ ስካሩን አሰርዢልኝ። ሌላው ይቅር።"

"ሌላው አይቀርም።"

"አንቺ ልጅ፣ ሰውየው የአገር ውስጥ ሚኒስትር ነው። እስር ቤቱ ሁሉ የሱ ነው።"

"ለዚህ ነው ጠቅላይ ሚኒስትር ሳይሆን የምቸኩለው።"

እናቷ ካልሲውን አገላብጣ አየችው። ተዪ አላለቻትም።

በምሳው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ንጉሡ ከጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጠዋል። በግራቸው አክስታቸው አሉ፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በመስመሩ ላይ ካሉት ወንዶች ሁሉ አነጣጥረው የሚመቱ፣ ምላሳቸው ግን ከጥይታቸው የሚብስ ሴት ናቸው። በቀኝ በኩል በትንሽ ጠረጴዛ ላይ የአደን ጸሐፊው መዝገቡን ዘርግቶ የብዕሩን ጫፍ ይጠርጋል። ገለባ ነጭ ጓንት አጥልቃ ከግድግዳው ሥር ካለው የእንጨት ደረጃ አጠገብ ቆማለች። ራሱን ከሰቀለችው ሦስት ሰዓት ሆኖታል። ቀንዶቹን የያዛቸው ከሰም በቀር ምንም የለም፤ ሰሙም እንዳይወድቁ ያህል ብቻ ነው፤ ሲሳቡ አይዝም።

ከሾርባው በኋላ ጌታው ተነሳ። ወዙ ጥሩ ነበር። ደረጃው ላይ አንድ እግሩን አሳርፎ ወደ ገለባ አየ።

"አቧራ የለበትም አይደል ልጄ?"

"ንጹሕ ነው ጌታዬ።"

"ገለባ ነው አሉኝ ስምሽ። ታዲያ ከነፋስ እንዴት ተረፍሽ?"

ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ሳቁ። ጌታውም ስቆ ወጣ፤ ሁለቱን ቀንዶች ጨበጠና ራሱን ከማንጠልጠያው ለማላቀቅ ወደ ላይ ሳብ አደረገ።

ቀንዶቹ መጡ። ራሱ ቀረ።

ጌታው ወደ ኋላ ተንገዳግዶ አንድ እርከን ሳተ፤ በሁለት እግሩ መሬት ላይ ሲያርፍ በግራና በቀኝ እጁ አንዳንድ ቀንድ ይዞ ነበር። ከግድግዳው ላይ ጆሮዎቿ የቆሙ፣ ዓይኖቿ የሚያበሩ፣ አናቷ ልሙጥ የሆነ አንዲት አጋዘን አዳራሹን ቁልቁል ትመለከታለች።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ወንዱን ከሴቷ በመቶ እርምጃ የማይለይ ሰው አልነበረም።

የንጉሡ አክስት ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ። ገለባ ራሱን አውርዳ አቀረበችላቸው። አናቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ጥፍራቸውን ከተቱ።

"የወንድሜ ልጅ" አሉ ወደ ንጉሡ ዞረው፣ "ይህቺ እኮ ሴት ናት። ደግሞ ታምራለች። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ያዩዋት ወጣቶች ምነው ሳያጯት ቀሩ?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዋናው ዳኛ ወይናቸው በአፍንጫቸው ወጣ። የጋዜጣው ባለቤት ፎጣውን ነክሶ ይንፈራፈራል። ጥንቸል አሳዳጊው ከሩቅ ዳር ወንበሩ ላይ ቆሞ እያጨበጨበ ነበር፤ ለዓመታት የጠበቃት ቀን ይህቺ ናት።

የገለባ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ፊቷን ግን አልፈታችም፤ ገና ነበርና።

ጌታው ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ ሆኖም በከንቱ ሚኒስትር አልሆነም። ቀንዶቹን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። "ግርማዊ ሆይ፣ የሞተው ሰፊ ተጫውቶብኛል። እውነተኛውን ራስ አበላሽቶት ኖሮ በሌላ ተካው። እኔ ከየት አውቄ?"

ሳቁ ረገብ አለ። ይህም ሊሆን ይችላል። ንጉሡ ዓይናቸውን በጣታቸው ጠረጉ። አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር መፈለግ ለሳቸው ድካም ነው።

"ሰፊዋ ምን ትላለች?"

"ሴት ናት ግርማዊ ሆይ" አለች ገለባ። "ሴት አጋዘን ሰው በቀንድ አትወጋም። የነጂዎቹ አለቃ አባቴ ነው፤ እንግዲያው አባቴን የገደለው..."

"የጠየቅንሽ ስለ ቀንዱ ነው" አሉ ንጉሡ፣ ሳይቆጡ። ወደ ጌታው ዞሩ። "ሰፊው አታሎህ ከሆነ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ጣፋጩ ሳይቀርብ ምስክርህን አምጣ። አሁን ጥብሱ ይምጣ።"

ጥብሱ መጣ። አዛዡ ገለባን በክርኗ ይዞ፣ ራሱንና ቀንዶቹን አስታቅፎ፣ ወደ ጠመንጃ ክፍሉ አስገባት። "ምን አደረግሽ አንቺ ልጅ" አላት በሹክሹክታ፤ መልስ ሳይጠብቅ ወጣ።

ጠመንጃ ክፍሉ ጠባብና ንጹሕ ነው። በሦስቱ ግድግዳ ጠመንጃ ተደርድሯል፤ መሐል ላይ የዘይት ጨርቅና የዕለቱ ግዳይ የሚጻፍባቸው የአደን ካርዶች ያሉበት ጠረጴዛ አለ። ገለባ አጋዘኗን ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጠች ጌታው ገባ።

"የማን ልጅ እንደሆንሽ አላወቅኩም ነበር" አለ።

"አልጠየቁማ።"

"ስሚኝ። ጊዜ የለንም። የሽማግሌው ተማሪ አንቺ ነሽ። ‘ራሱን አበላሽቼ በሌላ ተካሁት’ ብሎ ነግሮኝ ነበር ብትዪ ነገሩ ያበቃል። ሰውየው ሞቷል፤ ማንንም አይጎዳም።"

"እኔስ ምን አገኛለሁ?"

ትንፋሹ ተመለሰለት። የሚያውቀው ቋንቋ ነበር። "የፈለግሽውን።"

"እናቴ አንድ ነገር ነው የምትፈልገው። ከመዝገቡ ላይ ‘ሰክሮ’ የሚለው እንዲሰረዝ።"

"ይሄ ብቻ?" ሊስቅ ምንም አልቀረውም። "ነገውኑ አሰርዘዋለሁ።"

"ነገ ጠቅላይ ሚኒስትር ነዎት፤ በርዎ ላይ አያስጠጉኝም። አሁን ይጻፉልኝ።"

ጌታው ካርድ ሳበ፤ ብዕሩን ከደረት ኪሱ አወጣ። ዕድሜውን ሙሉ ሎሌዎች ሲያለብሱት፣ ሲያጫሙት፣ ሲዋሹለትና ሲቀብሩለት ኖሯል፤ አንድም ቀን ቃሉን ያጠፈበት ሎሌ አልነበረም። ሎሌ ቃል ያጥፋል ብሎ ማሰብ ለሱ ወንበር ይናከሳል ብሎ እንደማሰብ ነው። "ምን ልበል?"

"‘የነጂዎቹ አለቃ አልሰከረም ነበር።’"

ጻፈ።

"‘ቀንድም አልወጋውም።’"

ብዕሩ ቆመ። "ይሄ ምን ያደርግልሻል?"

"ሰው ሳይሰክር ከመስመር ወጥቶ ቀንድ ውስጥ አይገባም። እናቴ ሞኝ አይደለችም፤ ማንበብም ትችላለች።"

ከአዳራሹ የሳህን ድምፅ ተሰማ፤ የጥብሱን ሳህን ማንሳት ጀምረዋል። ጌታው ጻፈ። "አበቃ?"

"‘ሠላሳ እርምጃ ላይ ቆማ በነበረች ሴት አጋዘን ላይ ተኩሼ፣ እሷን ስቼ እሱን መታሁ።’"

"ይሄንን አልጽፍም።"

"እንግዲያው በምን ሞተ ልበላት? በጉንፋን?" ወደ በሩ አየች። "የጣፋጩን ሳህን እያስገቡ ነው መሰለኝ። እርስዎ ይወቁ።"

ጥርሱን ነክሶ ጻፈ። ፈረመበት። ነጂ መግደሉን ሲጽፍ እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ "ስቼ" የሚለው ላይ ግን ፊደሉ ተጣሞ ነበር። ገለባ ካርዱን ከእጁ ወስዳ ቀለሙ እስኪደርቅ ነፈሰችበት፤ ከዚያ ጓንቷን አወለቀች።

"በይ ግቢ" አለ። "የምትዪውን እንዳትረሺ።"

"አልረሳም። ጸሐፊው መዝገቡን ዘርግቶ ተቀምጧል። ጮክ ብዬ አነብለታለሁ።"

ነገሩ ቶሎ አልገባውም። "ምኑን?"

"የጻፍከውን።"

አንተ ብሎት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ንጉሡና አክስታቸው ብቻ። ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። "ተስማምተን ነበር እኮ።"

"ጻፍ አልኩህ፤ ጻፍክ። እሺ ያልኩህ ነገር የለም።"

"ለአንድ ነጂ ብለው የሚፈርዱብኝ ይመስልሻል? እነዚያ?" በጣቱ ወደ አዳራሹ ጠቆመ። "ከመሐላቸው ያልገደለ ማን አለ?"

"አይፈርዱብህም። ለሠላሳው እርምጃ ነው የሚፈርዱብህ። አክስትየው ገና ይህን ሲሰሙ ጥንቸል አሳዳጊውን ከዳር አንስተው አንተን እዚያ ያስቀምጡሃል። ዕድሜህን ሙሉ ይስቁብሃል።"

"ይሄ ይበቃሻል ታዲያ? አባትሽን ገድዬ፣ አጋዘን በመሳት ብዋረድ?"

ገለባ አሰበችበት። "አይበቃኝም" አለች። "ግን ያለው እሱ ነው፤ እኔ ደግሞ ሙሉውን እስካገኝ ቁጭ ብዬ አልጠብቅም።"

የጌታው ዓይን ከሷ ትከሻ በላይ አልፎ ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ጠመንጃዎች ላይ ሄዶ አረፈ። አየችው። ከበሩ አራት እርምጃ ላይ ነበረች፤ ፈጠን አላለችም።

"ተወው" አለችው። "ትስተኛለህ።"

ካርዱን ይዛ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።